በየኮምፒውተሩ የወጣው ይቅርታ

ሰውዬው የኮምፒውተር ቴክኒሻን ነው፤ ምላሱን የሚጠግንለት ግን አልተገኘም። ባለፈው እሁድ ምሳ ላይ፣ ለጥየቃ መጥተው የከረሙትን አማቱን «እማማ፣ መቼ ነው የሚመለሱት?» ብሎ ጠየቃቸው። ምን አስቸኮለህ በሉት! ሚስቱ ማንኪያዋን አስቀምጣ፣ እናቷን ይዛ ወንድሟ ቤት ገባች። ከዚያ ወዲህ ስልኩንም አታነሳለትም።

እሱም ሥራው ላይ ተደፋ። ሚስቱ ገንዘብ ተቀባይ የሆነችበት የውሃ ክፍያ መሥሪያ ቤት አዳዲስ ኮምፒውተሮች ገዝቷል። የሱ ሥራ አንዱን አሰናድቶ፣ እሱኑ እንዳለ ወደ ሌሎቹ መገልበጥ ነው። የሂሳቡን ሶፍትዌር ደግሞ ኮምፒውተሩ መጀመሪያ ሲከፈት አንድ ስክሪፕት የሚሉት የትእዛዝ ዝርዝር ራሱ ይጭነዋል። ይጭነዋል ነው እንግዲህ! መሃል ሲደርስ ቀጥ አለ። ምን ሆንክ ቢለው መልስ የለም፤ እሱም እንደ ሚስቱ ዘጋው።

የት እንደሚቆም ለማወቅ በስክሪፕቱ መስመሮች መሃል መልእክት ይከተታል፤ መልእክቱ ብቅ ሲል «እሺ» የሚለውን ተጭኖ መቀጠል ነው። ጤነኛ ሰው «እዚህ ደርሻለሁ» ብሎ ይጽፋል። ይሄ ግን የሆዱን የመጻፍ አመል አለበት፤ የራበው ቀን «ራበኝ» ይላል። ያን ቀን ሆዱ ውስጥ የነበረው ሌላ ነው፤ እሱኑ ጻፈ። በመጨረሻ ጥፋቱን አገኘው፦ ስክሪፕቱ ፋይሉን የሚፈልገው የሌለበት ፎልደር ውስጥ ነበር። አስተካከለውና ከደስታው ብዛት መልእክቶቹን ሳያጠፋ ለሁሉም ገለበጠው።

በማግስቱ ጠዋት ኮምፒውተሩን የከፈተ ሠራተኛ ሁሉ «የኔ ዓለም፣ ይቅር በይኝ» ተባለ። እሺ ካላሉ ሥራ የለም። የመዝገብ ቤቱ አዛውንት «ምን አድርገኸኝ ነው ልጄ?» እያሉ ተጫኑ። ሥራ አስኪያጁም «እኔ ምን አገባኝ» እያለ ይቅር አለ። ቀጥሎ የሚመጣውን ያነበበ ሁሉ ግን ወደ ገንዘብ ተቀባይዋ መስኮት እያየ ከንፈሩን ይነክሳል።

እሷ መጀመሪያው መልእክት ላይ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች። ባለጉዳዩ ተሰልፎ ይንጫጫል። ቴክኒሻኑ ተጠርቶ እየሮጠ መጣና በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ ስክሪኑን ሲያይ ክው አለ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለችው።

«ዝም ብለሽ እሺን ተጫኚው፣ ይሄዳል።»

«አልጫንም! መሥሪያ ቤቱን ሁሉ ይቅርታ ስትጠይቅ አፍህ የት ሄዶ ነው? በአፍህ በለኝ!»

ሰልፈኛው ጆሮውን ቀሰረ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ፣ ላቡ እየወረደ። «እማማ እግር ላይም እወድቃለሁ። ቤቱ ያላንቺ አስጠልቶኛል።»

ዓይኗን ጠረግ አድርጋ ተጫነች። ሁለተኛው መልእክት ዱብ አለ፦ «እናትሽ ግን አብዝተውታል። ሶፋውን ስንቴ ነው የሚያዞሩት?»

ሰውዬው ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ሚስቱ ደግማ አነበበችው። ግራ ቀኙን አየችና ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች።

«እኔስ መች ቻልኳት!» አለች በሹክሹክታ። «ማታ መጥተህ ውሰደን። እሷንም ጭምር።»

እሺን ተጫነችና «ቀጣይ!» ብላ ተጣራች።