አሥራ አንደኛው መስመር

የአያ አስማረ አውቶቡስ መብራት ሰሌዳው ላይ ካለው ቀይ መስመር አንድ ጣት ዝቅ ብሎ አርፏል። አዳራሹ ውስጥ ያለ ሁሉ አይቶታል። ሥራ አስኪያጁ ወርቅአፈራሁም አይቶ ማህተሙን ከኮት ኪሱ አውጥቷል። እቴነሽ ግን ቅጹን በብብቷ ይዛ፣ ከአውቶቡሱ ኋላ ቁጢጥ ብላ፣ በእጅ ባትሪ ባሌስትራውን እያየች ነው።

"እቴነሽ፣ አልቋል እኮ" አላት ወርቅአፈራሁ።

"አላለቀም። ይጫን።"

"ምኑ?"

"አውቶቡሱ። ሰውም ዕቃም ይጫንበትና መብራቱን እንደገና እንየው።"

ጣቢያው ከጎንደር ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ የግል የተሽከርካሪ መመርመሪያ ነው። ምርመራ ያላለፈ መኪና ቦሎ አያገኝም፤ ቦሎ የሌለው ደግሞ ከመናኸሪያ አይወጣም። እቴነሽ ሰባት ዓመት ሠርታበታለች። ከዚያ በፊት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ታስተምር ነበር። የመብራት መለኪያው ማሽን ባለፈው ክረምት ሲበላሽ አናጢ አስጠርታ፣ በሁለት ብረት መካከል ከፍና ዝቅ የሚል ነጭ ሰሌዳ ያሠራችው፣ ቀዩንም መስመር ያሰመረችበት እሷ ናት። መኪናው ከሰሌዳው አሥር ሜትር ርቆ ይቆማል፤ በሩ ይዘጋል፤ በቆርቆሮው የምስማር ቀዳዳ ከሚገባው ፀሐይ በቀር አዳራሹ ይጨልማል፤ ከዚያ አጭር መብራት ይበራል። ብርሃኑ ከመስመሩ በታች ከዋለ መኪናው አለፈ ማለት ነው።

ባለመኪናዎች ግን መኪናቸውን አጥበው፣ ባዶ አድርገው ነው የሚያመጡት። ቅጹ አሥር መስመር አለው፤ ከአሥሩ አንዱም ስለ ጭነት አይጠይቅም። ባዶ አውቶቡስ ደግሞ ሊማሊሞን ሲወርድ ታይቶ አይታወቅም። የዚህኛው ባሌስትራ፣ ጭነቱን የሚሸከመው የብረት ንጣፍ፣ እንደ ደጋን መጉበጥ ሲገባው ዝርግ ሆኗል። ሰውና እህል ሲጫንበት ኋላው ይወርዳል፣ አፍንጫው ይነሳል፣ መብራቱም ከፊት ለፊት በሚመጣው ሹፌር ዓይን ውስጥ ይገባል።

አያ አስማረ ኮታቸው ላይ ኩታ ጣል አድርገው በሩ አጠገብ ቆመው ነበር። ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ በጉልምስናቸው ራሳቸው ሹፌር የነበሩ፣ አሁን ሰባት መኪና ያላቸው ሰው ናቸው። ሲቆጡ ድምፃቸው ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

"ልጄ" አሉ፣ "ነገ ማለዳ አዲ አርቃይ የሚወርድ መኪና ነው። ሰዉ ትኬት ቆርጧል። ደግሞስ በዛሬ ጊዜ በሌሊት የሚሄድ ማን አለ? ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉም የሚያድርበት ይገባል። መብራቱን ለምን ይሁን ብለሽ ነው?"

"ለጉሙ ነው፣ አያ አስማረ። በክረምት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ መብራት ሳያበራ ሊማሊሞን የሚወርድ ሹፌር ካወቁ ይንገሩኝ።"

አያ አስማረ ያንን መንገድ ከእሷ በላይ ያውቁታል። ቀረብ ብለው፣ ሌላው እንዳይሰማ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለቅሶዋ ላይ ሦስት ቀን መቀመጣቸውን አስታወሷት። ሐዘኗን እንደሚያውቁት፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ ማለትን እንዳልተዉ፣ ግን የሰው ሐዘን በሌላ ሰው እንጀራ ላይ መውረድ እንደሌለበት ነገሯት።

"ይኼ የሙሉቀን ነገር ነው" አሉ በመጨረሻ። "እኔ መች ጠፋኝ።"

እቴነሽ የእጅ ባትሪዋን አጠፋች።

"የእሱን ስም እዚህ ቤት አያንሱት። እኔ የማወራው ስለ ባሌስትራ ነው።"

ሙሉቀን ባሏ ነበር፤ የእርሻ ባለሙያ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በነሐሴ፣ ከድብ ባሕር ወደ ደባርቅ የሊማሊሞን ዳገት በፒካፕ ሲወጣ ጉም ውስጥ ከላይ የሚወርድ፣ የሌላ ባለመኪና የሆነ የተጫነ አውቶቡስ መጣበት። የአውቶቡሱ ሹፌር ተረፈ። ፖሊስ ፊት ቀርቦ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ፒካፑ መንገዱ እንደጠፋበት ሰው ወደ ገደሉ ዝም ብሎ ሄደ። እቴነሽ ያንን ቃል ቆማ ሰማችው። በአርባው ማግስት ሥራ ገባች። ከዚያ ወዲህ ስለሱ ከማንም ጋር አውርታ አታውቅም፤ የሥራ ባልደረቦቿም ጥቁር ልብሷን ከቀየረችበት ቀን ጀምሮ ነገሩን ተዉት።

ግቢው ውስጥ ተራ የሚጠብቁ አሥራ ሁለት ያህል ሹፌሮች ነበሩ። እቴነሽ በሩን ከፈተችና ሁሉንም ጠራቻቸው። ለአጥር ሥራ የመጣ ሲሚንቶ ዘበኛው ቤት አጠገብ ተከምሯል፤ ሃያውን ከረጢት የአውቶቡሱ የኋላ ወንበሮች ላይ እንዲያደርጉ፣ ራሳቸውም ከኋላ እንዲቀመጡ ነገረቻቸው።

ፊልጶስ የሚባል ሰውነቱ ደልደል ያለ የሚኒባስ ሹፌር ከመኪናው መውረዱን አልወደደውም።

"እኛ ለቦሎ መጣን እንጂ ለወዛደርነት መች ተቀጠርን?"

"ተራህ የሚደርሰው ይኼ አውቶቡስ ሲወጣ ነው" አለችው። "የሚወጣው ደግሞ ስትጭኑት ነው።"

"እሱ ብቻ ከኋላ ይቀመጥ" አለ አንዱ፣ "ሲሚንቶው ትርፍ ነው።"

ሳቁ ሥራውን አስጀመረው። ከረጢቱን እየተቀባበሉ አስገቡት። የፊልጶስ ጥቁር ኮፍያ ነጭ ሆነ፤ ሲወጣና ሲገባ የወንዝ አሸዋም ቢጨመርለት ደስ እንደሚለው እያጉረመረመ ነበር። ወርቅአፈራሁ ከቢሮው ደጃፍ ቆሞ ይህን ሁሉ ያያል። ያስቆማት ዘንድ ሁለት ጊዜ አፉን ከፈተ፤ የሹፌሮቹን ብዛት አይቶ ተወው። የመጨረሻው ሰው ሲገባ አውቶቡሱ ከኋላ ቁጭ አለ፤ ጎማው የጭቃ መከላከያውን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

እቴነሽ በሩን ዘጋች። ሹፌሩ ቻላቸው መሪው ላይ ነበር፤ አያ አስማረን በአባትነት የሚያከብር፣ አሥር ዓመት ለእሳቸው የነዳ ሰው።

"አያ አስማረ፣ ሰሌዳው አጠገብ ይቁሙልኝ" አለች።

"እኔ ምን ላድርግ?"

"እርስዎ ከፊት የሚመጣው ሹፌር ነዎት።"

አያ አስማረ እምቢ ማለት ይችሉ ነበር። ግን አሥራ ሁለት ሹፌር በመስኮት ያያቸዋል። ሄደው፣ ጀርባቸውን ለሰሌዳው ሰጥተው ቆሙ። ባዶ ሆኖ ሲለካ ብርሃኑ የደረሰው ቀበቷቸው ጋ ቢሆን ነው።

"አብራ፣ ቻላቸው። አጭሩን።"

ብርሃኑ ከቀዩ መስመር ሁለት ስንዝር አልፎ ፊታቸው ላይ ወጣ። አያ አስማረ ጭንቅላታቸውን መለስ አደረጉና እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋረዱ። ከኋላቸው ጥላቸው ቆርቆሮው ላይ ግዙፍ ሆነ።

"ረጅሙን ነው ያበራኸው?" አሉ።

"አይ፣ አያ። አጭሩ ነው።"

"አጥፋው።"

"አታጥፋ" አለች እቴነሽ። "ሁለት መኪና መታጠፊያ ላይ ተያይተው እስኪተላለፉ አራት ሰከንድ ይፈጃል። አንድ።"

ቀስ ብላ ነበር የምትቆጥረው። ሦስት ስትል አያ አስማረ ወደ ግራ አንድ እርምጃ ተራመዱ፤ የሚረግጡትን ስላላዩ የሰሌዳው ብረት ትከሻቸውን መታቸው። አራት ስትል መብራቱ ጠፋ። በሩ ተከፍቶ ፀሐይ ሲገባም ዓይናቸውን ያሹ ነበር።

ቻላቸው ከመሪው ወርዶ መብራቱን ከፊት አየው። ሲናገር ለማንም አልነበረም።

"እኔ ደግሞ ትራፊክ አለ የሚሉኝ ይመስለኝ ነበር።"

"ምን?" አለ ፊልጶስ ከመስኮቱ።

"ከደባርቅ ስወርድ ከፊት የሚመጣው ሁሉ መብራቱን ብልጭ ድርግም ያደርግልኛል። ከታች ትራፊክ ቆሟል ማለታቸው ነው ብዬ ትርፍ የጫንኩትን ሰው አጎንብሱ እላለሁ። እጄንም አውጥቼ አመሰግናለሁ። ድብ ባሕር እስክደርስ ትራፊክ የሚባል የለም። ሰው አጎንብሶ ነው የሚወርደው።"

"ስንት ዓመት?" አለው አንዱ።

"ባሌስትራው ከደከመ ወዲህ ነዋ። ሦስት ዓመት ይሆናል።"

"እኔም አንዴ ብልጭ አድርጌብሃለሁ" አለ ፊልጶስ። "እጅህን ስታወጣ የምትሰድበኝ መስሎኝ እስከ ደባርቅ ስሰድብህ ሄድኩ።"

አውቶቡሱ በሳቅ ተናወጠ። ቻላቸውም ሳቀ፤ ግን ዓይኑን ከእቴነሽ ላይ አላነሳም። እሷ አልሳቀችም። ካቻቢቴ አቀበለችው። ሳይጠየቅ ጎንበስ ብሎ ከመብራቱ ጀርባ ያለውን ብሎን ያዞር ጀመር፤ እሷ ሰሌዳው ጋ ቆማ "ትንሽ ጨምር፣ አሁን የቀኙን" ትለዋለች፤ ብርሃኑ ከመስመሩ በታች እስኪወርድ። ሲጨርስ፣ ባዶውን ሲሄድ መብራቱ እግሩ ሥር እንደሚወድቅበት ነገረችው። ብሎን ማዞሩ ለዛሬ ጋራዥ እስኪደርስ ነው፤ ባሌስትራው ካልተቀየረ መኪናው አላለፈም።

አያ አስማረ ይህንን ሰምተው ትከሻቸውን እያሻሹ ቀረቡ።

"ሸጋ። ሰኞ ጋራዥ አስገባዋለሁ፤ ቃሌ ነው። ዛሬ ፈርሚልኝና ነገ ደርሶ ይምጣ።"

"ሰኞ ጋራዥ ያስገቡት። ማክሰኞ እፈርማለሁ።"

"የእኔ ቃል አልበቃሽም?"

"ቃልዎ ይበቃኛል። ነገ የሚሳፈሩት ሰዎች ግን ቃልዎ ላይ አይሳፈሩም።"

ሽማግሌው ወርቅአፈራሁን በእጃቸው ጠርተው ለብቻው ጥቂት ነገር ነገሩትና፣ ሲሚንቶው ሲወርድ ሳይጠብቁ፣ በእግራቸው ወደ መንገዱ ወጡ። ከእሷ ጋር አልተሰነባበቱም።

ከዚያ በኋላ የቀሩትን መኪናዎች ሁሉ እንደ አውቶቡሱ አየቻቸው። ማንም ሳያዛቸው ሹፌሮቹ ሲሚንቶውን ከመኪና ወደ መኪና አዞሩት። የፊልጶስ ሚኒባስ ከመስመሩ አንድ ስንዝር አለፈ፤ እዚያው ብሎኑን አዞረና ወረደለት። ሦስት መኪና ወደቀ። ተራው ሲያልቅ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር።

ቢሮ ስትገባ ወርቅአፈራሁ የአያ አስማረን ቅጽ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ይጠብቃታል። ማህተሙን ከጎኑ አስቀምጧል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሰባት ሠራተኛ ደመወዝ የሚያስጨንቀው ሰው ነበር።

"ሰባቱንም መኪና ሌላ ጣቢያ እወስዳለሁ ብለዋል" አላት። "ይወስዳሉ። ሌላውም ይከተላቸዋል። እዚያ ጫን የሚል የለም።"

"ይውሰዱ።"

"እቴነሽ፣ እዚህ አሥር ነገር ተጽፏል። አሥሩንም አልፏል። መብራቱን በባዶ አይተሽ ደህና ነው ብለሻል፤ ይኼው ጽሕፈትሽ። ያላለፈው የትኛው መስመር ላይ ነው? አሳይኝ።"

"መስመር የለውም።"

"ስለዚህ ፈርሚ። ካልፈረምሽ ከሰኞ ጀምሮ እዚህ ቦታ ላይ ሌላ ሰው ለማስቀመጥ እገደዳለሁ። ይኼን ማለት ደስ ብሎኝ አይደለም።"

ቁጭ አለች። ማስመሪያና እስክሪብቶ ከመሳቢያው አወጣች። ከአሥረኛው መስመር በታች፣ ለማህተም በተተወው ባዶ ቦታ ላይ፣ አንድ መስመር አሰመረች። መጀመሪያው ላይ 11 ብላ ጻፈች፤ ቀጥላ "የፊት መብራት በጭነት" አለች፤ ከፊት ለፊቱ "አላለፈም"። ፈረመችበት።

ወርቅአፈራሁ ቅጹን አንስቶ አየው። ለመቆጣት ጊዜ አላገኘም፤ እቴነሽ ተነስታ የብረት ቁም ሳጥኑን ከፍታ ነበር። ሦስተኛውን መሳቢያ ሳበች። የታርጋ ቁጥሩን ለማስታወስ ወረቀት አላስፈለጋትም፤ ፋይሎቹን ሳታገላብጥ አንዱን ቅጽ አወጣች። ሁለት ዓመት ያለፈው ቅጽ ነው፤ ቀኑ በሐምሌ መጨረሻ። ሙሉቀን ከሞተበት ቀን ሃያ በማይሞላ ቀን ይቀድማል። የፊት መብራት ከሚለው ፊት ለፊት፣ ዛሬም ባልተለወጠው ክብ ጽሕፈቷ "ደህና" ይላል። ከታች ፊርማዋ አለ። ሙሉቀን ላይ የመጣው ያ አውቶቡስ ባዶውን፣ ታጥቦ መጥቶ፣ በዚህ አዳራሽ በእሷ እጅ ነበር ያለፈው። ይህንን ቅጽ ከአርባው በኋላ ሥራ በገባችበት ቀን አንድ ጊዜ አውጥታ አይታው መልሳዋለች። ለማንም አልተናገረችም።

ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ማስመሪያውን አስተካክላ ከአሥረኛው መስመር በታች አንድ መስመር አሰመረች። "11. የፊት መብራት በጭነት፦ አልታየም" ብላ ጻፈች፤ የዛሬን ቀን አደረገችበት፤ ከአሮጌው ፊርማ ጎን አዲስ ፈረመች።

ወርቅአፈራሁ ጎንበስ ብሎ ታርጋውን አነበበ። ቁጥሩ ምንም አልነገረውም።

"ይኼ ደግሞ የማን ነው?"

"የፈረምኩት እኔ ነኝ" አለችው።

ሁለቱን ቅጾች በአንድ ስፒል አያያዘቻቸው፤ ዓርብ ዓርብ ወደ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት በሚሄደው ፋይል ውስጥ ከሁሉም በላይ አስቀመጠችና ክሩን ቋጠረች። ፋይሉን የሚያደርሰው ተላላኪው ነበር። በዛሬው ዓርብ ግን ብብቷ ሥር አድርጋ ራሷ ይዛው ወጣች።