ማንን ገጨሁ?

የልጅ ልጄ ስትወለድ «ስም አውጪልን» ያለኝ ሰው የለም። ስምን መልአክ ያወጣዋል ሲባል ነው ያደግሁት፤ በእኛ ቤት ግን ያወጣው ቴሌቪዥን ነው። የልጄ ባል ታክሲ ነጂ ነው፣ የሚወዳትን ዘፋኝ ስም ለልጁ ሰጠ። ፊቴን ባጠቁር ልጄ፣ «እማዬ፣ አንቺ የዘመኑን ነገር አታውቂም» አለችኝ። ፊደል ያልቆጠረ ሰው አፍም የሌለው መስሏታል።

ዘፋኟን በአካል አይቷት አያውቅም። ፎቶዋ ግን የታክሲው መስታወት ላይ ተለጥፎ፣ ድምጿ ከጠዋት እስከ ማታ አብሮት ይዞራል። «የነዳጅ ሰልፍ የሚያስችለኝ የእሷ ዘፈን ነው» ይል ነበር። በደግነቷ ሲምል በእናቱ እንኳ እንዲያ አይምልም። አልፈርድበትም። ቀኑን ሙሉ ከተሳፋሪ ጋር ሲጨቃጨቅ የሚውል ሰው፣ የማትጨቃጨቀው አንዲት ሰው ብታስፈልገው ምን ይገርማል?

ታዲያ ሴትየዋ በቅርቡ አንድ ሽማግሌ በመኪናዋ ገጭታ፣ እግሩን ሰብራ፣ ሳትቆም ሄደች። የልጄ ባል መጀመሪያ «ምቀኞች ያወሩባት ነው» አለ። ራሷ አፍ አውጥታ ስታምን ቤቱን ሬሳ የወጣበት አስመሰለው። ፎቶዋን በምላጭ ፋቀ። ታክሲ ተራ ላይ ጓደኞቹ፣ «ልጅህ መንጃ ፈቃድ አወጣች እንዴ?» እያሉ ይስቁበት ጀመር። ከዚያ ወዲህ ልጅቱን በስሟ ጠርቷት አያውቅም። «አንቺ» ነው የሚላት።

ትናንት ጫማዋን ሳስርላት ቀና ብላ አየችኝና፣ «አያቴ፣ እኔ ማንን ገጨሁ?» አለችኝ።

አምስት ዓመቷ ነው። ብዙ ሰው ቀብሬ እንባዬ ካለቀ ቆይቷል፤ የጫማዋን ክር ግን ማሰር አቃተኝ።

አመሻሹ ላይ አባቷ ገባ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ፣ «ስሟን ላስቀይረው ነው» አለኝ። «የዚያች ወርቅ ያመጣችልን ሯጭ ስም ይሻላታል። እሷ ጨዋ ናት።»

«በምን አወቅህ? ጎረቤትህ ናት?»

«እማማ፣ አገር ይመሰክርላታል።»

«ለዘፋኟም ሲመሰክር ነበር። ሯጯ ነገ ብትሰናከልስ? ይቺ ልጅ ናት ወይስ የሚቀያየር የመኪና ታርጋ?»

ልጄ ከጓዳ፣ «እማዬ፣ ተይው፣ ደክሞታል» አለች።

«እኔም ደክሞኛል።»

እሱ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። «እማማ፣ እርስዎ አይገባዎትም። አምኛት ነበር።» ድምፁ ተሰበረ። አሳዘነኝ፤ ግን አልተውኩትም።

«ይገባኛል። ያመንካት አንተ ነህ፣ የገጨችው እሷ ናት። ይቺ ልጅ መኪናው ውስጥ አልነበረችም። እሷ ግን የነበረች መስሏታል፤ ማንን ገጨሁ ብላ ጠይቃኛለች።»

ቀና ብሎ አየኝ።

«በል ተነሥ። መኝታ ቤት ናት፣ አልተኛችም። ግባና በስሟ ጥራት። ማንንም እንዳልገጨች ንገራት። በሩንም እንዳትዘጋው፤ እዚህ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።»