ከስልክ ላይ የቀረችው እታለም

ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የድረ ገጹ ሥራ የሚሠራው በአንዲት ጠባብ ቢሮ ነው። እዚያ የምትሠራው ሉላ ማስታወቂያ ትለጥፋለች፣ አልከፈት ያለውን ገጽ ታስተካክላለች፣ መምህራን የሚልኩላትን ፎቶ ትጭናለች። እንግዳ ግን አይመጣባትም። ስለዚህ አንድ ጠዋት ነጠላቸውን ያጣፉ ሴትዮ በሩ ላይ ሲቆሙ መንገድ የጠፋባቸው መሰላት።

«ሬጅስትራር ከሆነ ማዶ ነው እናቴ።»

«አይ፣ ኢንተርኔቱ ላይ ሰው የምታወጪው አንቺ ነሽ አሉኝ።»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው እታለምን መልሽልኝ።»

ሉላ ወንበር ሳበችላቸው። ሴትዮዋ እትዬ ሙሉወርቅ ይባላሉ፤ መርሳ ገበያ ላይ ከጓደኛቸው ከእታለም ጋር ጎን ለጎን ፍራፍሬ ይሸጣሉ። ባለፈው ዓመት ሮቤል የሚባል የግብርና መምህር መጥቶ፣ አስፈቅዶ፣ ሁለቱንም ከማንጎው ክምር አጠገብ ፎቶ አንሥቷቸው ነበር፤ ፎቶውም በዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ ወጣ።

«እታለም ደስ ብሏት ሐራ ከተማ ላለው ወንድሟም ለጎረቤቱም አወራች። ሰዉ በስልኩ ቢከፍተው እኔ ብቻ! ውሸታም ተባለች። እኔን ደግሞ ‹ብቻሽን ልትታዪ አስቆረጥሽኝ› አለችኝ። ይኸው አሁን ጀርባዋን ሰጥታኝ ነው የምትሸጥ።»

ሉላ ገጹን ከፍታ ኮምፒውተሩን ወደሳቸው አዞረች። እታለም ከቀኝ ዳር፣ ሚዛን ይዘው ቆመዋል። «ይኸው፣ አሉ እኮ!»

እትዬ ሙሉወርቅ ትክ ብለው አዩና ስልካቸውን ከጉያቸው አወጡ። «ይኼስ?»

ስልኩ ላይ እሳቸው መሃል ቆመዋል። ከእታለም የቀረው ሚዛኑን የያዙት ጣቶች ብቻ ናቸው።

ሉላ ፊቷ ጋለ። ገጹን ስትሠራ በኮምፒውተር እንጂ በስልክ አይታው አታውቅም። ስልክ ጠባብ ነው፤ ፎቶው ቦታውን እንዲሞላ ስላዘዘችው ዳርና ዳሩን ቆርጦ ይጥለዋል። ያዘዘችውን አስተካከለች። ፎቶው አነስ ብሎ፣ ሁለቱንም ይዞ መጣ። እትዬ ሙሉወርቅ ጉንጯን ስመው፣ መርቀዋት ሄዱ።

በማግስቱ ደወሉላት። «አላመነችኝም ልጄ። የልጇ ስልክ ላይ አሁንም የለችም።»

ስልክ አንዳንዴ የድሮውን ገጽ አስቀምጦ እሱኑ እንደሚያሳይ ሉላ ታውቃለች። ልታስረዳቸው ሞከረች፤ አልሆነም። ቅዳሜ በሚኒባስ መርሳ ወረደች።

እታለም እውነትም ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል።

«እትዬ እታለም፣ ጥፋቱ የኔ ነው። እትዬ ሙሉወርቅ የሉበትም።»

«ማን ልኮሽ ነው?»

«ማንም አልላከኝም። ገጹን የምሠራው እኔ ነኝ። ሰው በስልክ እንደሚያየው ሳላስብ ቀረሁ።»

ሉላ የልጃቸውን የሜላትን ስልክ ተቀብላ የድሮውን አጠፋችና ገጹን እንደገና ከፈተችው። ኔትወርኩ ደካማ ስለነበር ፎቶው ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ መጣ፤ መጀመሪያ ሸራው፣ ቀጥሎ ሁለቱ ፊቶች፣ ከዚያ ማንጎው። እታለም ስልኩን አቅርበው አዩት፣ አራቁና አዩት። ከዚያ ወንድማቸው ጋ አስደወሉ። ሉላም ምን መንካት እንዳለበት ነገረችው። ትንሽ ቆይቶ ሳቁ በስልኩ ተሰማ።

«አየኸኝ?» አሉ እታለም ጮኽ ብለው። «ውሸታም ናት ላልከው ሁሉ ንገርልኝ!»

ስልኩን ለልጃቸው መለሱና ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ሙሉዬ፣ ነጠላዬ እንዲህ ተንሻፎ ሳለ ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ።

«መቼ ትሰሚኛለሽ አንቺ!»

ይኼኔ ነው እታለም የዞሩት። እትዬ ሙሉወርቅ እንባቸው መጣና በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት።

«ስማችሁን ከሥር ልጻፈው?» አለች ሉላ።

«የሷን አስቀድሚ!» አሉ እትዬ ሙሉወርቅ።

«አይሆንም፣ ታላቄ ናት፣ የሷን!» አሉ እታለም።

እየተከራከሩ ሳለ ገዢ መጥቶ የማንጎ ዋጋ ጠየቀ። ሁለቱም ባንድ አፍ መለሱለት።

ሉላ ሰኞ ቢሮ ገብታ ስማቸውን እንደ አቋቋማቸው ከግራ ወደ ቀኝ ጻፈች። ረፋዱ ላይ ስልኳ ጠራ፤ እታለም ናቸው።

«አየሁት፣ ተባረኪ። ግን ልጄ፣ መርሳ ላይ እታለም ብዙ ነው። ያባቴንም ስም ጨምሪበት እንጂ!»

ሉላ እየሳቀች ጨመረችው።