ስለ አውቶብስ የተጠራው ስብሰባ

ድንጋዩ የመጣው ከግራ በኩል ነው። ሹፌሩ ያየው እጁን ብቻ ነበር፤ ከተዘጋ ሱቅ ጥግ ብቅ ያለ፣ ወደ ኋላ የተለጠጠ፣ ከዚያም ባዶውን የቀረ እጅ። የፊት መስታወቱ ጓ አለና ግማሹ ጭኑ ላይ ረገፈ። ፍሬን አልረገጠም። ሰው የጫነ መኪና የሚገለበጠው ሲመታ ሳይሆን ሹፌሩ ሲደነግጥ እንደሆነ ዕድሜ አስተምሮታል። መሪውን ጨብጦ፣ እግሩን ከነዳጁ ላይ ቀስ አድርጎ አንስቶ፣ አውቶብሱን እንደ ታማሚ እየደገፈ ዳር አስያዘው።

ከኋላው አንዲት ሴት «ዓይኔን! ዓይኔን!» እያለች ትጮሃለች። ሄዶ እጇን ከፊቷ ላይ ገለጠ። ዓይኗ ተርፏል፤ የተሰነጠቀው ቅንድቧ ነው። ደሙ በጉንጯ ወርዶ አንገትጌዋን አርሶታል።

«እኛ ምን አደረግን?» አለችው፣ ድንጋዩን የወረወረው እሱ ይመስል። «ታሪፉን የምንጨምረው እኛ ነን? እኛም እኮ እንደነሱ ተሳፋሪ ነን!»

 የገዛ መሐረቡን አጥፎ ቅንድቧ ላይ አስያዛትና ወደ መሪው ተመለሰ።

ተሳፋሪዎቹ «ጋሽ ቀስታ» ይሉታል። በዚህ መስመር ላይ እንደሱ ዝግ ብሎ የሚነዳ የለም። «ጋሽ ቀስታ፣ እንቁላሉ እኮ በእግሩ ሄዶ ቀደመን!» ብለው ሲተርቡት፣ እሱም «ሳይሰበር ይድረስ እንጂ ይቅደመን» ይላል። ያን ቀን ግን የተረበው አልነበረም። በተሰበረው መስታወት የሚገባው ነፋስ ዓይኑን እያስለቀሰው መስመሩን ጨረሰ።

ከተማው ለአውቶብሶች የሚሰጠውን ድጎማ አቆማለሁ፣ ጋራዡንም መስመሮቹንም ለአንድ የግል ድርጅት አስረክባለሁ ካለ ወዲህ ሰላም የለም። ታሪፍ ይጨምራል። ዳር ዳር ያሉት ሰፈሮች መስመር ይታጠፋል። ሰው የተናደደው በቢሮዎቹ ላይ ነበር፤ ቢሮዎቹ ግን አጥርና ዘበኛ አላቸው። አውቶብሱ ደግሞ በየመንገዱ፣ በየሰዓቱ፣ ጎኑን ሰጥቶ ያልፋል። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጉዳዩ በከተማው አዳራሽ፣ በሕዝብ ፊት ሊመከርበት ነው። ዕቅዱን ቆማ የምታስረዳው ደግሞ የቀስታ ልጅ ናት።

ለወዳጅም ለጠላትም አስቸጋሪ የሆነበት ይኸው ነው። አንድ ልጁ። እናቷ ወልዳት ሳትጠግባት ሞተች፤ እሱ ማለዳ አውቶብስ ሲያወጣ ሕፃኗን የሚያስቀምጣት ከጓደኛው ከብሎን ሚስት ዘንድ ነበር። ብሎን የጋራዡ መካኒክ ነው፤ አጭር፣ ጠጣር፣ አንዴ ከተቆለፈ የማይፈታ። ብስክሌት ያስለመዳት እሱ፣ በጉልበቷ ስትወድቅ ቁስሏን ያጠበላት እሱ። ተማረች፣ ተመረቀች፣ በትራንስፖርት ቢሮው መሐንዲስ ሆና ተቀጠረች። ያኔ ጋራዡ ሁሉ የራሱን ልጅ የዳረ ያህል ፈነደቀ። አሁን ጋራዡን ለግል የሚያስረክበው ወረቀት ላይ የእሷም ፊርማ አለ መባሉን ሲሰሙ፣ ቀስታ በመጣ ቁጥር ወሬ የሚያቋርጡ በዙ።

ቤት ውስጥም አባትና ልጅ ከተነጋገሩ ሰንብተዋል። ጨው አቀብለኝ፣ መብራቱን አጥፊው፣ ከዚያ ያለፈ የለም። ያን ዕለት ጠዋት ግን ጫማውን ሲያስር በሩ ላይ መጥታ ቆመች።

«አባዬ፣ ዛሬ ብትቀርስ?»

«ለምን እቀራለሁ?»

«ፊትህን ካየሁ የምናገረው ይጠፋኛል።»

«እኔ ምንም አልልም» አላት፣ ከማሰሪያው ላይ ቀና ሳይል። «ከኋላ ቁጭ ብዬ አዳምጣለሁ። ይኸው ነው።»

አውቶብሱን ጋራዥ ሲያስገባ ብሎን ስብርባሪውን በመጥረጊያ ከደረጃው ላይ አወረደ። ሲጨርስ ከሹፌሩ ወንበር አጠገብ ተቀመጠ።

«እንደ በሬ ግንባር ሰጥተህ ነው የምትነዳው?»

«ምን ላድርግ?»

«ምንም። ሠራተኛውን በዚሁ ጭነን ወደ አዳራሹ እንሂድ። የተሰበረውን ሁሉም ይየው።» ቆየት አለና «ቆንጆ ለብሳለች?» አለ።

«ማን?»

«ልጃችን ናታ።»

 ቀስታ በጓደኛው እጅ ላይ ያለውን የዘይት ጥቁረት እያየ ሞተሩን አስነሳ።

አዳራሹ እስከ በሩ ሞልቶ፣ ሰው በመስኮት ላይ ተንጠልጥሎ ጠበቃቸው። መጀመሪያ የቢሮው ኃላፊ ተናገረ፤ ካዝናው ባዶ ነው፣ አውቶብሶቹ አርጅተዋል፣ ከተማው ሳይሞት በፊት እጁን ማንሳት አለበት። አንድ ባለሱቅ ተነስቶ እኔ አውቶብስ ተሳፍሬ አላውቅም፣ በግብሬ ለምን ሌላው ይንሸራሸራል አለ። ከዳር ሰፈር የመጣች ነርስ ማይኩን ተቀበለችው።

«እናትህ ሆስፒታል ብትተኛ፣ መርፌ የምወጋልህ እኔ ነኝ» አለችው። «በምን መጥቼ ልውጋልህ? በክንፍ?»

ሳቅ ሆነ። እስከዚያ ድረስ የሚሳቅበት ስብሰባ ነበር።

ከዚያ ልጅቷ መድረክ ላይ ወጣች። ቀስታ ከኋላ ሆኖ ልጁን አየ፤ ቀጥ ብላለች፣ ድምጿ አይንቀጠቀጥም። ያልተዋሸ ነገር ትናገር ነበር፤ ችግሩም እሱ ነው። አውቶብሶቹ ከሚሠሩበት ቀን የሚቆሙበት ይበልጣል አለች። ለጋራዡ በሚገዛው መለዋወጫና መንገድ ላይ በሚታዩት አውቶብሶች መካከል መመጣጠን የለም አለች። ይህን ስትል ከፊት ረድፍ ብሎን ብድግ አለ።

«ሌቦች ናችሁ ነው የምትይን?»

«እንደሱ አላልኩም፣ ጋሼ…»

«ጋሼ» የሚለው ቃል በማይኩ ውስጥ ሾልኮ አዳራሹን ሞላው። አንዱ አፌዘ፣ ሌላው አፏጨ። ልጅቷ ቀላች። ያን ጊዜ ቀስታ ራሱን ቆሞ አገኘው። ከወንበሩ መቼ እንደ ተነሳ አያውቅም። ሰዎች መንገድ ሰጡት፣ አንድ እጅ ማይክ አስጨበጠው።

«ይህችን ልጅ ያሳደጋት አውቶብስ ነው» አለ። ድምፁን ከድምፅ ማጉያው መልሶ ሲሰማው የሌላ ሰው መሰለው። «የበላችውም የተማረችውም ከዚያ መሪ ላይ በወረደ ላብ ነው። ያጎረሰ እጅ ይነከሳል ሲሉ ሰምቼ ነበር። ዛሬ በዓይኔ አየሁት!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። በዕድሜው እንዲያ ተጨብጭቦለት አያውቅም። ጭብጨባው በደረቱ ውስጥ እንደ ሙቅ ነገር ወረደ፤ ለቅጽበት፣ ለአንዲት ክፉ ቅጽበት፣ ጣፈጠው። ከዚያ የልጁን ፊት አየ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። «ሸጠችን!» የሚል ድምፅ ተነሳ፤ «ሸጠችን! ሸጠችን!» ብሎ ሕዝቡ ተቀበለው። የቢሮው ኃላፊ በጓሮ በር ሲሾልክ ታየ።

የመጀመሪያው ወንበር ከመሃል ተነስቶ በሰው ራስ ላይ አልፎ መድረኩ ላይ ተሰበረ። ሁለተኛው ተከተለ። ከዚያ በኋላ የተወረወረውን የሚቆጥር አልነበረም። ሰው በሰው ላይ ወደቀ፤ ባለሱቁን ሁለት ሰዎች ከረባቱን ይዘው መሬት ለመሬት ሲጎትቱት፣ ነርሷ በቦርሳዋ እየመታች ልታስጥለው ስትጮህ፣ ቀስታ በክርን እየጎሰመ፣ እየተረገጠ፣ ወደ መድረኩ ተጋፋ። መስኮት ረገፈ። ከውጭ የጎማ ጭስ ገባ።

ሲደርስ ያየው እንዲህ ነው። ልጁ መድረኩ ላይ ወድቃለች፤ ፀጉሯ በደም ተጣብቋል። ከላይዋ ብሎን ቆሟል፤ የማይኩን የብረት ዘንግ በሁለት እጁ ይዞ፣ ጥርሱን ነክሶ።

ምንም አላሰበም። ዘንጉን ከብሎን እጅ ነጠቀና መታው። ብሎን ዞሮ ሲያየው ፊቱ ላይ የነበረው ቁጣ ሳይሆን መገረም ነበር፤ ቀስታ ይህን በኋላ ደጋግሞ ያስበዋል። ያኔ ግን ደግሞ መታው። ትከሻውን፣ ክንዱን፣ ሲንበረከክ ራሱን። ዘንጉ አጥንት ሲያገኝ የሚሰጠው ድምፅ እንጨት ሲሰነጠቅ እንደሚሰጠው ነበር። ብሎን አንዴ ብቻ «አንተ!» አለ። ዘንጉ ተጣሞ ከእጁ ሲወድቅ በቡጢ ቀጠለ፤ አብራው የምትሠራው ትኬት ቆራጭ ከኋላ አንገቱን አንቃ እስክትጎትተው ድረስ።

«ገደልከው! ጋሽ ቀስታ፣ ጓደኛህን ገደልከው እኮ!»

ፖሊስ አዳራሹ ውስጥ አስለቃሽ ጭስ ሲተኩስ ሰው ወደ በሮቹ ጎረፈ። አምቡላንስ እንዳይገባ መንገዱ በሚነድ ጎማ ተዘግቷል። ከጓሮው የቆመው ያ የፊት መስታወት የሌለው አውቶብስ ብቻ ነው። ቀስታ ልጁን ተሸከመ፤ ትኬት ቆራጯና አንድ ጎረምሳ ብሎንን በእጅና በእግሩ ይዘው መተላለፊያው ላይ አጋደሙት። ወርደው በሩን ሲገፉለት ቀስታ በደመ ነፍስ ሞተሩን አስነሳ።

ቀስ ብሎ አልነዳም። ከተማው እንዲያ ሲነዳ አይቶት አያውቅም። ሕዝቡ አውቶብሱን ሲያይ የለመደውን አደረገ፤ ድንጋይ አዘነበ። አንዱ ድንጋይ በባዶው መስኮት ገብቶ መንጋጋውን አገኘው፤ ጥርስ ተፋ። ክላክሱን ተጭኖ፣ የሚነደውን ጎማ በጎማው ረግጦ፣ እሳቱ በጎኑ ሲልሰው አለፈ። አንድ ጎልማሳ እጁን ዘርግቶ መንገዱ መሃል ቆመ፤ በመጨረሻው ሰዓት ዘሎ ሲወድቅ ቀስታ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ጨፈነ።

«አባዬ!» ልጁ ከወለሉ ላይ ተነስታ በዳዴ ወደ ብሎን ሄዳለች። ሻርፗን አውልቃ ራሱ ላይ በሁለት እጇ ተጭናለች። «ማነው እንዲህ ያደረገው?»

 ማርሽ ቀየረ።

«አባዬ፣ ማነው?»

«አንቺን መቶሽ የለ!» ብሎ ጮኸባት። «በብረት ሲመታሽ ዝም ብዬ ላየው ነው?»

ልጅቷ ቀና አለች። በኋላ ማሳያው መስታወት ውስጥ ዓይኖቻቸው ተገናኙ።

«የመታኝ ወንበር ነው» አለች። ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር፤ በሞተሩ ጩኸት መሃል ግን እያንዳንዷን ቃል ሰማት። «ከታች የተወረወረ ወንበር። ጋሼ ዘንጉን ያነሳው እንዳይጠጉኝ ሊከለክላቸው ነው። ‹ማንም እንዳይነካት› ሲል እየሰማሁት ነው የወደቅኩት።»

እጁ መሪው ላይ ነበር። እግሩ ነዳጁ ላይ። አካሉ የሚያውቀውን ሥራ ሠራ፤ ዞረ፣ ቀጥ አለ፣ ጥሩምባ ነፋ። እሱ ግን ከዚያ አውቶብስ ውስጥ አልነበረም። እዚያ መድረክ ላይ ቆሞ ያን የመገረም ፊት እያየ ነበር።

«ቶሎ በል» አለችው ልጁ። «ትንፋሹ እየራቀ ነው።»

ሆስፒታሉ ውስጥ ብሎንን በጋሪ እየገፉ በአንድ በር አስገቡት፤ በሩም ተዘጋ። የልጅቷን ራስ ሰፍተው አሰሩላት። ኮሪደሩ ከአዳራሹ በመጡ ቁስለኞች ተሞልቷል። ባለሱቁ አንድ ጫማውን አጥቶ ግድግዳ ተደግፏል፤ ነርሷ ከነቆሸሸ ልብሷ ሥራ ጀምራለች። አባትና ልጅ በአንድ አግዳሚ ወንበር ሁለት ጫፍ ተቀመጡ። 

የብሎን ሚስት እየሮጠች መጣች። ልብስ ሰፊ ናት፤ የመለኪያ ሜትሯ አሁንም አንገቷ ላይ ነው። ቀድማ ልጅቷን አቀፈች፣ የታሰረውን ራሷን ሳመች፣ ከዚያ መጥታ ቀስታ አጠገብ ተቀመጠች።

«ትኬት ቆራጯ ደውላ በእሳት መሃል ነድተህ እንዳመጣኸው ነገረችኝ» አለች። ትንፋሿ ይቆራረጣል። «ሌላውን ሳትነግረኝ ስልኩ ተቋረጠ። አንተ ባትኖር እዚያው ይቀር ነበር። ወንድም እንዲህ ነው።» ከዚያ እጁን አየች። ጉልጥምቶቹ ተልጠው አብጠዋል። «ውይ! አንተንም መቱህ?»

ከቦርሳዋ መሐረብ አውጥታ እጁን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና ደሙን ጣት በጣት ትጠርግለት ጀመር። ቀስታ ወደ ልጁ ዞረ። ልጅቷ እሱን አላየችውም፤ የእግሯን ጣቶች እያየች ነበር።  መናገሩን ለሱ ትታለታለች።

«እኔ ነኝ» አለ።

«አውቃለሁ፣ አንተ ነህ ያመጣኸው…»

«አይደለም። የመታሁት እኔ ነኝ።» መንጋጋው ስላበጠ ቃሉ ተንሻፎ ወጣ፤ ደግሞ አለው። «በብረት የመታሁት እኔ ነኝ። እሱ ልጅቷን ይጠብቅ ነበር። እኔ ሌላ መሰለኝ።»

መሐረቡ ቆመ። ሴትዮዋ ፊቱን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ዕድሜዋን በኖረችበት ቤት ውስጥ አይታው የማታውቀውን በር ድንገት እንዳገኘች ዓይነት። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። 

በሩ ተከፈተ። ጭምብሉን ወደ አገጩ ያወረደ ሐኪም ብቅ አለ።

«የመካኒኩ ቤተሰብ የትኛው ነው?»

ሴትዮዋ ተነሳች። የቀስታን እጅ ግን አለቀቀችውም። መያዟን ረስታ ይሁን አስባበት፣ ሊያውቅ አልቻለም። ስትራመድ እጁ አብሮ ተሳበ፤ እሱም ተነሳ። ልጁ ግድግዳውን በመዳፏ እየደገፈች ከኋላቸው መጣች፤ ሐኪሙም ሦስቱንም አይቶ በሩን ሰፋ አድርጎ ያዘው።