መቂ ላይ መሞት ያቃተው ሰው

ሰው ለህሊናው ሲል እንዴት እንደሚሞት ላስተምር ከአዳማ መቂ ድረስ ሄጄ ነበር። ክበባችን በሚያሳየው ቴአትር የሟች ወንድሜን ሚስት መሬት በሐሰት ምዬ እወስዳለሁ፤ በመጨረሻ ጸጸት ያንገበግበኝና መርዝ ጠጥቼ እሞታለሁ። ፖስተሩ «ድርሰት፣ ዝግጅትና መሪ ተዋናይ፦ ማናሴ» ይላል፤ እኔን ማለቱ ነው።

ድርሰቱ የዲንቄ ነው። ዲንቄ የክበባችን አባል ናት፤ ከመጋረጃ ጀርባ ቆማ የረሳነውን ቃል የምታስታውሰን ዝምተኛ መምህርት። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል፤ እኔ ግን አጥሩንም ቤቱንም ነው የወሰድኩት። ፖስተሩን ስታይ «ፊደሉ ያምራል» አለች።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ጸጸቴን ስናገር የሽንኩርት ደላላው ሁሉ አፍንጫውን ጠረገ። ቀዝቃዛ ሻይ የሞላበትን የመርዝ ጠርሙስ ሳነሳ፣ ሦስት ሽማግሌዎች እርቅ የሚለመንበትን እርጥብ ሳር ከደጅ ነጭተው መድረኩ ላይ ወጡ።

«ተው! እኛ እያለን ሰው አይሞትም» አሉ ታላቅየው ኦቦ ጫምሳ፣ ጠርሙሱን ነጥቀውኝ።

«አባቴ፣ ቴአትር እኮ ነው!»

«እናውቃለን። ቴአትርም ቢሆን ሽማግሌ እያየ አይሞትም። ጥፋትህን ተናገርና እናስታርቅህ።»

የጸጸት ንግግሬን ደገምኩላቸው፤ እንዲያውም እንባ ጨመርኩበት። ኦቦ ጫምሳ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄ የተጠና ነው። እውነቱን ንገረን።»

ዞር ስል ዲንቄን በመጋረጃው ክፍተት አየኋት። ቃል እንደረሳሁ ሁሉ ትጠብቀኛለች። አፈርኩ፤ የምሬን አፈርኩ።

«ድርሰቱ የኔ አይደለም» አልኩ። «የዲንቄ ነው። ሰርቄያት ነው።»

ሽማግሌዎቹ ዲንቄን አስጠሯት። «ልጄ፣ ይቅር ትይዋለሽ?» አሏት ኦቦ ጫምሳ ሳሩን ዘርግተው።

«ሳር ይዛችሁ ለምናችሁኝ እንዴት እምቢ እላለሁ? ይቅር ብዬዋለሁ።» ጠርሙሱን ከእጃቸው ተቀብላ ለኔ ሰጠችኝ። «ግን አባቶቼ፣ ይሙት። እኔ የጻፍኩት እንዲሞት ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተንሾካሾኩ። «የድርሰቱ ባለቤት እንዲህ ካለች ይሁን» ብለው ወረዱ።

ጠጣሁ፤ ወደቅሁ። እንደዚያን ቀን አምሮልኝ ሞቼ አላውቅም። ሕዝቡ ብድግ ብሎ «ዲንቄ! ዲንቄ!» እያለ ሲያጨበጭብ እኔ እግሯ ሥር ተጋድሜአለሁ። ተነስቼ እጅ ልነሳ አማረኝ፤ ምን ላድርግ፣ ሬሳ ነኝ።