ለዝግባው የመጡ ባለሙያዎች

አቶ ገብረሰንበት ሠላሳ አራት ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት አገልግለው ጡረታ የወጡ፣ ሳሊተ ምሕረት አካባቢ በማኅበር በሠሩት ቤት የሚኖሩ ሰው ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ አንድ ትልቅ ዝግባ አለ፤ ቤቱ ሲሠራ በገዛ እጃቸው የተከሉት ነው። ባለፈው ክረምት ነፋስ አንድ ደረቅ ቅርንጫፍ ከጎረቤታቸው ከጸጋአብ መኪና አጠገብ ጣለ። ጸጋአብም በትሕትና፣ «ጋሽ ገብረሰንበት፣ ይህን ነገር ባለሙያ ቢያየው አይሻልም?» አላቸው።

«ባለሙያ» የሚለውን ቃል አቶ ገብረሰንበት ይወዱታል። መጥረቢያ ይዞ በየመንደሩ የሚዞር ሰው በራቸውን እንዳያንኳኳ አዘዙና፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ አለም በዘመድ በኩል ያገኙትን ባለሙያ አስጠሩ።

የመጣችው ራሕማ የምትባል፣ በደን ሳይንስ የተመረቀች ወጣት ነበረች። ከሚኒባስ ወርዳ፣ ገመድና ትንሽ መጋዝ የያዘ ቦርሳ አዝላ ገባች። ዛፉን ዞረችው፣ ግንዱን አንኳኳችው፣ ሥሩ አጠገብ ተንበርክካ አፈሩን ጫር ጫር አደረገች። ከዚያ በገመዷ ወጥታ ሁለት ደረቅ ቅርንጫፎች ቆርጣ ወረደች።

«ጨርሻለሁ ጋሼ። ዛፍዎ ጤነኛ ነው።»

«ሌላስ?»

«ሌላው አይነካ። ሥሩ አጠገብ ሲሚንቶ እንዳያስፈስሱ ብቻ።»

አቶ ገብረሰንበት ሐኪም ቤት ሄዶ መድኃኒት ሳይታዘዝለት እንደተመለሰ ሰው ቅር አላቸው። ጸጋአብም፣ «ታዲያ ምን ሠራች?» አላቸው።

በሳምንቱ ኦሎምፒያ ቢሮ ያለው እዝራ የሚባል ባለሙያ አገኙ። እዝራ ከረባት አስሮ፣ ላፕቶፕ ይዞ፣ አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሱ አራት ሰዎች አስከትሎ መጣ። ዛፉን ሳይነካው ከስድስት አቅጣጫ ፎቶ አነሣው።

«ጋሽዬ፣ ዛፍዎ ስትረስ ላይ ነው።»

«ጤነኛ ነው ተብዬ ነበር።»

«ሪፖርት ተጽፎልዎታል?»

አልተጻፈላቸውም። እዝራ ግን በሦስተኛው ቀን አሥራ አራት ገጽ፣ ባለ ማኅተም ሪፖርት አመጣ። አቶ ገብረሰንበት ማኅተሙን በጣታቸው ዳሰስ አድርገው፣ «ባለሙያ ማለት ይህ ነው» አሉ።

ወይዘሮ አለም መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። «ገጽ ዘጠኝ ላይ ማንጎ ነው የሚለው።»

«የጽሕፈት ስሕተት ነው።»

ሪፖርቱ ያዘዘው ሥራ አንድ ቀን ፈጀ። የሞተር መጋዙ ሰፈሩን ሲያናውጥ ዋለ፤ ጎረቤት በየበሩ ወጥቶ አየ፤ አቶ ገብረሰንበትም ወንበር አስወጥተው ኮራ ብለው ተቀመጡ። ሲያልቅ ከዝግባው የቀረው ከጣሪያው የማያልፍ ግንድና እንደ ካፖርት መስቀያ የቆሙ ጥቂት ጉቶዎች ነበሩ። እዝራ፣ «አሁን ይተነፍሳል» ብሎ፣ አስፈርሟቸው ሄደ።

በማግስቱ የከሰዓት ፀሐይ ሳሎን ድረስ ገብታ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ከኋላ ያለው ባለ ስምንት ፎቅ አፓርታማም ፊት ለፊት ተገለጠ። በሚቀጥለው ቀን ጠዋት አቶ ገብረሰንበት በፒጃማ ቁርስ ሲበሉ ከአራተኛ ፎቅ በረንዳ አንዲት ሴት እጇን አውለብልባ ሰላም አለቻቸው። እሳቸውም ግራ ገብቷቸው እጃቸውን አነሡ።

በወሩ ጉቶዎቹ ላይ የቀሩት ጥቂት ቅጠሎች ይጠወልጉ ጀመር። እዝራ ጋ ሲደውሉ፣ «ክትትል በሌላ ፓኬጅ ነው የሚታየው» አላቸው። ወይዘሮ አለም ባላቸውን ሳያማክሩ ራሕማን ጠሩ።

ራሕማ ግንዱን ዞራ አየችው። ከዚያ መሰላል ጠይቃ፣ መጋዙ የቦጫጨቃቸውን ጉቶዎች አንድ በአንድ ታስተካክል ጀመር። አቶ ገብረሰንበት መሰላሉን ራሳቸው ያዙላት።

«ይድናል?»

«አላውቅም ጋሼ። ሁለት ክረምት እንየው።»

በሠላሳ አራት ዓመት የመንግሥት ሥራ «አላውቅም» የሚል ባለሙያ ገጥሟቸው አያውቅም። መሰላሉን ጠበቅ አድርገው ያዙ።

«እኔው ነኝ ያስቆረጥኩት» አሉ ቀስ ብለው።

«ውኃ በየሦስት ቀኑ ያጠጡት» አለች ራሕማ ከላይ።

ወይዘሮ አለም በማግስቱ ወፍራም መጋረጃ ሊገዙ ወጡ።