ጥጃዋን አልፈልግም ያለችው ጎረቤት

አንድ የእርዳታ ድርጅት ላም የሰጠን ቀን አባዬ ከደስታው ብዛት የሚይዝ የሚጨብጠውን አጣ። የተጠረገውን በረት እንደገና ሲጠርግ አመሸ። ላሟ ወተት ላይ ቀልድ አታውቅም። እማዬ ጠዋት ጠዋት ታልብና ለወተት ሰብሳቢው ታስረክባለች፤ ከዚያ የተረፈው ለኛ ለልጆች ነው። ሰፈርተኛው ሁሉ “አለፈላችሁ” አለን። እኛም ያለፈልን መሰለን።

ግን ላሟ ትበላለች። ያውም ታማርጣለች፤ ገለባ ሲቀርብላት ፊቷን ታዞራለች። አባዬ የሽንኩርት ማሳውን ገሚስ ሣር አደረገው። አልበቃ ሲል ከጎረቤታችን ከእትዬ ጥድፊያ መግዛት ያዝን። እትዬ ጥድፊያ ባሏ የሞተባት፣ ቀስ ብሎ መራመድ የማይሆንላት ሴት ናት፤ ስሙንም ያወጣላት ሰፈሩ ነው። ቦዩ ዳር ያለችው ቁራሽ መሬቷ ውሃ ስለሚተኛባት እህል አይሆንባትም፤ ለሣር ግን ማን ብሏት። እማዬም ገበያ ወጥታ መነገዱን ተወችው። ላሟን ለማን ትታ ትሂድ?

ድርጅቱ ያስገባን ግዴታ አንድ ነበር፦ መጀመሪያ የምትወለደውን ሴት ጥጃ ለሌላ ችግረኛ ማስተላለፍ። ጥጃዋ ጡት ስትጥል የድርጅቱ የከብት ሐኪም መጣና ለማን እንደምንሰጥ ጠየቀን። ሁላችንም ባንድ አፍ “ለእትዬ ጥድፊያ” አልን። ጥጃዋን እየጎተትን ደጇ ደረስን።

እትዬ ጥድፊያ አናጺ ጣራ ላይ አውጥታ አዲስ ቆርቆሮ ታስመታለች። ጥጃዋን አየቻት፤ እኛን አየችን።

“አልፈልግም” አለች።

ሐኪሙ በደንብ የሰማ አልመሰለውም። “በነፃ እኮ ነው፣ እናቴ።”

“ገብቶኛል፣ የኔ ልጅ። ሣሩን የራሴ ላም ከበላችው ለነዚህ ምን ልሸጥላቸው ነው?”

አባዬ ቆርቆሮውን ቀና ብሎ አየ። የኛ ጣራ ዝናብ በመጣ ቁጥር ያፈሳል። “ቆይ እስቲ” አላት፣ “ላሟ የተሰጠችው ለኛ ነው ወይስ ላንቺ?”

“እሱን እኔም እንጃ” አለች። እያሾፈች አልነበረም።

ሐኪሙ ወደኛ ዞረ። “የናንተስ ገቢ ጨምሯል፣ አይደል?”

“ጨምሯል” አለች እማዬ።

“የታለ?” አለ አባዬ።

“ወተቱስ?”

“ሽንኩርቱስ? ያንቺ ገበያስ?”

“ልጆቹ መታመም ትተዋል።”

“እሱማ ትተዋል” አለ አባዬ። ለካ እስከዚያን ቀን ስለዚህ ነገር ተነጋግረው አያውቁም፤ አንዱ ሌላው የገባው እየመሰለው ነበር የኖረው። እኔም ከእናቴ ወገን ልሁን ከአባቴ ግራ ገባኝ። ሁለቱም ልክ ናቸው።

ሐኪሙ ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከና “ድርጅቱን ጠይቄ እስክመጣ እናንተው ጋ ትቆይ” አለን። ጥጃዋን እየጎተትን ተመለስን።

በኋላ ከወንዝ ማዶ ላለ ቤተሰብ ተሰጠች። ሣሯን የሚገዙላት ከእትዬ ጥድፊያ ነው። አባዬ ሽንኩርቱን ልመልስ ወይስ ሣሩን ላስፋ እያለ አሁንም ማሳው መሀል ይቆማል፤ እማዬ ወጥታ ትጠራዋለች።